በጡረታ የተገዛው የማዶ ቤት

ኢርማ ቭራና ወደ አረጋውያን መጦሪያ የተወሰደችው በቆሎ በሚሰበሰብበት ሰሞን ነው። የእህቷ ልጆች መጥተው ሶፋዋንና የልብስ ስፌት መኪናዋን ጫኑ፤ እሷ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ በመስኮት በኩል እጇን አወዛወዘች። ዴልበርት ህሩስካ ከመንገዱ ማዶ በረንዳው ላይ ቆሞ እጁን አነሣላት። መኪናው የእህል ጎተራውን አልፎ እስኪሰወር ጠበቀና ወደ ቤቱ ገባ። ነገሩ የገባው ምሳውን ሲያሞቅ ነው። ከእንግዲህ በዚያ መንገድ ላይ ከሱ በቀር ሰው አይኖርም።

ታቦርቪል ድሮም ትልቅ ከተማ አልነበረችም። የመስኖ ማሽን ፋብሪካው ሲዘጋ ወጣቶቹ ወደ ሊንከንና ወደ ኦማሃ ሄዱ፤ ዴልበርት በዚያ ፋብሪካ በበያጅነት ጡረታ እስኪወጣ ሠርቷል። ሚስቱ ማርሊን ከሞተች ጥቂት ዓመታት ሆኗታል። ልጁ ከርት ኦሪገን ነው የሚኖረው፤ እሁድ እሁድ ይደውላል፣ ስለ አየሩ ይጠይቃል፣ ስለ ጤናው ይጠይቃል፣ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ዴልበርት እራቱን ሲበላ ዓይኑ የሚያርፈው የኢርማ ወጥ ቤት መስኮት ላይ ነበር። ኢርማ እቃ ስታጥብ ጥላዋ ይታየዋል። ከዚህ የተለየ ነገር ኖሮ አይደለም፤ የመስኮቱን መብራት ብቻ ነበር የለመደው።

ብዙም ሳይቆይ የኢርማ ግቢ ላይ የሽያጭ ሰሌዳ ተተከለ። ቤቱን የጠየቀው አንድ የጭነት መኪና ባለንብረት ነበር፤ አፍርሶ ተሳቢ ሊያቆምበት ነው ተባለ። ዴልበርት ይህን የሰማ ዕለት ምግብ አልበላ አለው።

በማግስቱ ከልጅነት ጓደኛው ከኧርቪን ኮታስ ጋር የኅብረት ሥራው ሱቅ ውስጥ ባለችው ቡና ቤት ተቀምጠው ሳለ፣ «የኢርማን ቤት ልገዛው ነው» አለው።

ኧርቪን የያዘውን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለሰ። «ያለህን ቤት ራሱ ግማሹን ክፍል ዘግተኸዋል፤ ሌላ ቤት ምን ያደርግልሃል?»

«ላከራየው ነው።»

«ለማን? ለድመቶች?»

«ሰው ይጠፋል ብለህ ነው? መጦሪያው ሠራተኛ እየቀጠረ ነው።»

«እሺ፣ ገንዘቡስ? ትራስህ ውስጥ ደብቀህ ኖሯል?»

ገንዘቡ ትራስ ውስጥ አልነበረም። ያጠራቀመው ሁሉ የጡረታ ሂሳቡ ውስጥ ነበር፤ በየሦስት ወሩ አንድ ወረቀት ይመጣለታል፣ ስማቸውን እንኳ አንብቦ የማይጨርሳቸው አክሲዮኖች ተዘርዝረውበት። ኧርቪን መላውን ያውቅ ነበር። የሚስቱ ወንድም በጡረታ ገንዘቡ የእርሻ መሬት ገዝቷል። ገንዘቡን ሳታወጣ፣ ግብርም ሳትከፍል፣ ሂሳቡን ባለቤቱ ራሱ ወደሚመራው ዓይነት ታዛውረዋለህ፤ ከዚያ ሂሳቡ በራሱ ስም ቤቱን ይገዛዋል። ኪራዩም የሚገባው እዚያው ነው።

«ግን አያያዙ ሁለት ዓይነት ነው» አለ ኧርቪን። «አንዱን ከመምረጥህ በፊት ሊንከን ሄደን እንስማ። ነፃ ምሳ አለው።»

ስብሰባው ሆቴል ውስጥ ነበር። አብዛኛው ታዳሚ ሽበታም ነው። ገለጻውን ያደረገው ነጫጭ ጥርሶች ያሉት ወጣት ሻጭ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ አስረዳ። በአሮጌው መንገድ ከሄዳችሁ፣ አለ፣ ሂሳቡን ባለአደራ ድርጅት ይይዘዋል፤ አንዲት ቧንቧ ለማስጠገን እንኳ ትጠይቃላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፣ የአገልግሎት ዋጋ ትከፍላላችሁ። በእኛ መንገድ ግን ሂሳባችሁ የአንዲት ትንሽ ኩባንያ ባለቤት ይሆናል፤ ኩባንያዋን የምትመሩት እናንተ፣ የቼክ ደብተሩም ያለው እናንተ ኪስ ነው።

«ማንንም አትለምኑም» አለ። «ከማንም ጋር መነጋገር የለባችሁም። ዓመቱን ሙሉ አንድ ስልክ ላትደውሉ ትችላላችሁ።»

አዳራሹ ራሱን ነቀነቀ። ኧርቪን ዴልበርትን በክርኑ ጎሸመው። ዴልበርት ግን ሳህኑ ላይ የቀረችውን ድንች እያየ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አንድ ስልክ አለመደወል ምን እንደሚመስል ከዚያ ወጣት የበለጠ ያውቀዋል።

ሲመለሱ ኧርቪን መሪውን እንደያዘ፣ «ይሄኛው ነው የሚሻልህ» አለ። «አንተ ደግሞ መለመን አትወድም።»

«እስቲ ልየው» አለ ዴልበርት፤ ከዚያ በኋላ እስከ ታቦርቪል ስለ መከሩ አወሩ።

ሰኞ ጠዋት ፋርጎ ላለ አንድ ባለአደራ ድርጅት ደወለ። ያነሣችው ጎርነን ያለ ድምፅ ያላት ሴት ነበረች። ስሟ ትዋይላ ነው።

«ከየት ነው የሚደውሉት፣ አቶ ህሩስካ?»

«ከነብራስካ። ከታቦርቪል።»

«ነፋሱ እንዴት አድርጓችኋል?»

«ትናንት የጎረቤቴን የሽያጭ ሰሌዳ ጥሎታል።»

«እኛ ጋ ደግሞ የቢሮውን በር አላስከፍት ብሎን አረፈድን» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሕጉን ቀስ ብላ ነገረችው። ቤቱ የሂሳቡ እንጂ የሱ አይደለም። ሊኖርበት አይችልም፤ አንድ ሌሊት እንኳ ሊያድርበት አይችልም። ልጁም ሊከራየው አይችልም። ለጥገናውም ከራሱ ኪስ አይከፍልም፣ በራሱ እጅም አይጠግንም።

«ዕድሜዬን በሙሉ በእጄ የሠራሁ ሰው ነኝ» አለ ዴልበርት። «አንድ ሚስማር እንኳ?»

«አንድ ሚስማር እንኳ። የእጅዎ ሥራ በጎን የገባ ገንዘብ ያህል ይቆጠራል። ከተገኘብዎ ሂሳቡ በሙሉ እንደወጣ ተቆጥሮ ግብሩን በአንዴ ይጠየቃሉ።»

«ታዲያ አሸንዳው ቢወድቅስ?»

«ሠራተኛ ይፈልጋሉ፣ ዋጋውን ይነግሩኛል፣ ትእዛዙን ይፈርማሉ፣ እኛ ከሂሳቡ እንከፍላለን።»

«ስለዚህ በየጊዜው መደወል ሊኖርብኝ ነው።»

«አዎ፣ ይቅርታ። ብዙ ሰው የሚያማርረን በዚሁ ነው።»

ዴልበርት የስልኩን ገመድ በጣቱ ጠመዘዘ። «ስደውል የሚያነሣው ማን ነው?»

«ፋይልዎን እኔ ከያዝኩት እኔ ነኝ የማነሣው።»

እዚያው ወሰነ። ለኧርቪን የሰጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ የቼክ ደብተሩ ኪሱ ውስጥ ከሆነ አንድ ቀን ሳያስበው የማይሆን ነገር ከፍሎ ሂሳቡን ያበላሸዋል፣ እነዚህ ሰዎች ግን ይከለክሉታል። ይህም ውሸት አልነበረም። ኧርቪን «የዕድሜ ልክ ሞግዚት ቀጠርክ በለኛ» ብሎ አላገጠበትና ተወው።

ቤቱ ከገና በፊት ተገዛ። የመጀመሪያዋ ተከራይ ራሞና ኤስካሚያ የምትባል ሃምሳ የሚሆናት ሴት ነበረች፤ መጦሪያው ውስጥ በአስታማሚነት ተቀጥራ ከቴክሳስ የመጣች። ዴልበርት የገባች ዕለት እራቱን አቅርቦ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ጀምበር ስትጠልቅ ራሞና ኮቷን ለብሳ ወጣች፣ መብራቱን አጠፋች፣ መኪናዋን አስነሥታ ሄደች። የሌሊት ተረኛ መሆኗን አልጠየቀም ነበር። ለብቻው ሳቅ አለና ሾርባውን ጠጣ።

ጥር ላይ ከባድ በረዶ ጣለ። ዴልበርት ድሮ የራሱን በር ጠርጎ ሲጨርስ መንገዱን ተሻግሮ የኢርማንም ይጠርግላት ነበር። አሁን አካፋውን ይዞ እስከ መንገዱ ጠርዝ ደረሰና ቆመ። የሚጠርገው ልጅ ከጎረቤት ከተማ ተቀጥሯል፤ ግን መንገዱ ተዘግቶበት አልመጣም። ራሞና ከሥራ ስትመለስ መኪናዋን ዳር አቁማ እስከ ጉልበቷ እየሰጠመች ወደ በሯ ሄደች። ደረጃው ላይ ደርሳ ዞር አለች።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» አለች ጮክ ብላ። «አካፋው ለጌጥ ነው?»

ዴልበርት አካፋውን አየ። «አይፈቀድልኝም።»

«ሐኪም ነው የከለከለዎት?»

«ሐኪም አይደለም። የግብር ሕጉ ነው።»

ራሞና ፊቷ ላይ ያረፈውን በረዶ እየጠረገች አየችው። የሚያሾፍባት መሰላት። «የበረዶ ግብር መኖሩን ዛሬ ሰማሁ» ብላ ገባች፤ በሩም ጠንከር ብሎ ተዘጋ።

ቀኑን ሙሉ ያ በር ጆሮው ውስጥ ሲዘጋ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ፋርጎ ደወለ።

«ትዋይላ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከተከራይዋ ጋር እራት መብላት ተከልክሏል?»

«እራት?»

«እኔ ቤት። እኔ ሠርቼ።»

በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገላበጥ ሰማ፤ ከዚያም መሳቅ እንደያዛት ገባው። «አቶ ህሩስካ፣ መብላትና ማውራት የሚከለክል አንቀጽ የለም። ቧንቧዋን ብቻ አይንኩ።»

እንዲህ ሆኖ ራሞና አንዳንድ ቀን ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት እየተሻገረች መምጣት ጀመረች። የሱ እራት የሷ ቁርስ ነው። እሱ ጎመንና የአሳማ ሥጋ ያቀርባል፣ እሷ በሚጥሚጣ ዓይነት ቃሪያ የተጠበሰ እንቁላል ይዛ ትመጣለች፤ እሱ ውኃ እየደጋገመ ይጠጣል፣ እሷ ትስቅበታለች። ሕጉንም አንድ ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳት።

«ስለዚህ ቤቱ የእርስዎ ነው፣ ግን የእርስዎ አይደለም» አለች።

«እንደዚያ ነው።»

«ባለቤቴም እንደዚያ ነበር» አለችና ሁለቱም ሳቁ። ስለ ኢርማም ወሬ ታመጣለት ነበር። ኢርማ ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ስሙን ግን ረስታዋለች፤ «ያ ረጅሙ የማርሊን ባል» ነው የምትለው።

አንድ ጊዜ ራሞና የተበላሸውን የወጥ ቤት ቧንቧ እንዲያይ ጠራችው። አየው። ውኃው ጠብ ጠብ ይላል፤ ውስጡ ያለችው ላስቲክ አልቃለች፣ መፍቻ ቢይዝ ወዲያው የሚጨርሰው ነገር ነው። እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆመ። ወደ ቤቱ ተመልሶ ለትዋይላ ደወለ፣ የቧንቧ ሠራተኛ ተፈለገ፣ ዋጋ ተነገረ፣ ትእዛዝ ተፈረመ። ሠራተኛው እስኪመጣ ውኃው አንድ ሳምንት ሙሉ ጠብ ሲል ሰነበተ። ዴልበርት ከጎኑ ሆኖ ሲሠራ አየው፤ መብራት እንኳ አልያዘለትም።

ከትዋይላ ጋር በየወሩ ያወራ ነበር፤ ክረምት ላይ ከዚያም በላይ። አንዳንዴ ስልኩን ከማንሣቱ በፊት ምክንያት ይፈልጋል። የጣራው ክዳን፣ የእሳት መድኅን፣ የጭስ መውጫው። ጉዳዩ ቶሎ ያልቃል፤ ከዚያ ትንሽ ስለ ነፋስ፣ ትንሽ ስለ ከብት ዋጋ ያወራሉ። ስልኩን ሲያስቀምጥ ቤቱ ይበልጥ ጸጥ ይልበታል፤ ቢሆንም ቀኑ ሰው ያናገረበት ቀን ይሆናል።

በሁለተኛው ዓመት መኸር ላይ የራሞና ልጅ አማሪሎ ውስጥ መንታ ወለደች። ራሞና ዕቃዋን በሁለት ቀን አሰረች። «ጋሽ ዴልበርት፣ ቴክሳስ ከመጡ ቃሪያውን ቀንሼ አበስልልዎታለሁ» አለች፣ አቀፈችው፣ ሄደች። ሌላ ተከራይ አልተገኘም። መጦሪያውም ሠራተኛ መቀነስ ጀምሮ ነበር።

በዚያው ክረምት ትዋይላ ራሷ ደወለች። እሷ ደውላለት ስለማታውቅ ደነገጠ።

«በሚቀጥለው ዓመት ሰባ ሦስት ይሞላዎታል» አለች። «ከዚያ ወዲያ ሕጉ በየዓመቱ ከሂሳቡ የተወሰነ እንዲያወጡ ያስገድዳል። እዚያ ውስጥ ያለው ግን ቤት ነው። የተጠራቀመው ኪራይ ለጥቂት ጊዜ ይበቃል። ተከራይ ካልመጣ ግን ከቤት ላይ ግድግዳ ቆርሶ ማውጣት አይቻልም።»

«ምን ላድርግ?»

«ምክር መስጠት ለእኛ አይፈቀድም፤ ምርጫዎቹን ብቻ ልንገርዎት። ሂሳቡ ቤቱን ሊሸጠው ይችላል። ወይ እንዳለ ይዘው ተከራይ መጠበቅ። ወይ ደግሞ ቤቱን ራሱን ከሂሳቡ ማውጣት፤ ዋጋው የዓመቱ ገቢዎ ላይ ይደመርና ግብሩን ይከፍላሉ። ግብሩ ይከብዳል።»

«ካወጣሁት ሚስማር መምታት እችላለሁ?»

«የፈለጉትን ያህል።»

ዴልበርት በመስኮቱ አሻግሮ አየ። የኢርማ አሸንዳ አንድ ጫፉ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። «ከእናንተ ጋር ያለኝ ጉዳይስ?»

«ሂሳቡ ባዶ ስለሚሆን ይዘጋል።»

«ስለዚህ አልደውልም።»

«የሚያስደውል ነገር አይኖርም፣ አቶ ህሩስካ።»

አስብበታለሁ ብሎ ዘጋ። ከርት እሁድ ሲደውል ነገሩን ነገረው።

«አባዬ፣ ሽጠውና ተገላገል» አለ ከርት። «ያን ሁሉ ግብር ከፍለህ ባዶ ቤት ምን ይሠራልሃል?»

«አሸንዳው ወድቋል።»

«እሱንማ የሚገዛው ሰው ይሥራው።»

«የሚገዛው ያ የጭነት መኪና ሰውዬ ነው። ያፈርሰዋል እንጂ አይሠራውም።»

ከርት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እኔ ጋ ብትመጣስ? ክፍል አለን።»

«አውቃለሁ ልጄ» አለ ዴልበርት። ክፍሉን አይቶታል። በመስኮቱ የሚታየው የሌላ ቤት ግድግዳ ነው።

ሁለት ሳምንት ያህል አመነታ። ትዋይላ በዚህ ሁሉ ጊዜ ባለትዳር ትሁን አትሁን፣ ልጅ ይኑራት አይኑራት እንደማያውቅ ትዝ አለው። ድምፅዋን ያውቃል፣ ስትስቅ የሚያስላት መሆኑን ያውቃል፣ ሌላ ምንም። የማዶውን ቤት ግን እያንዳንዷን ሳንቃ ያውቃታል፤ የኢርማ ባል ጆ ቭራና በሕይወት ሳለ በረንዳውን አብረው ነው የሠሩት። በመጨረሻ ደውሎ «አውጪልኝ» አላት። ለግብሩ ማርሊን ትነዳት የነበረችውን፣ ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመችውን መኪና ሸጠ። የገዛት ልጅ ሲያስነሣት በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች፤ ዴልበርት ይህን አልጠበቀም ነበር፣ ወደ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

የመጨረሻውን ስልክ የደወለችው ትዋይላ ናት።

«ተጠናቋል» አለች። «ቤቱ ከዛሬ ጀምሮ በስምዎ ነው።»

«አመሰግናለሁ። በጣም አስቸግሬሻለሁ።»

«የጭስ መውጫውን አራት ጊዜ ጠይቀውኛል» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረበት። «አራተኛው ላይ ነገሩ የጭስ መውጫው እንዳልሆነ ገብቶኛል።»

ዴልበርት ፊቱ ጋለ። «አንቺ ግን አላልሽም።»

«ምን ብዬ? እኔም እኮ ቤት ስገባ የሚጠብቀኝ ውሻ ብቻ ነው።»

ዴልበርት የቤቷን ስልክ ቁጥር ሊጠይቃት ፈለገ። ጥያቄው አፉ ውስጥ ተሰናድቶ ነበር፤ ግን ሰባ ሦስት ዓመት ሊሞላው የቀረበ ሰው ለማያውቃት ሴት እንዴት እንደሚለው አላወቀበትም። እሷም ወዲያው አልዘጋችም። ከጀርባዋ ሌላ ስልክ ሲጮህ ተሰማ።

«አንሺው» አለ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አቶ ህሩስካ።»

«ጤና ይስጥልኝ» አለና ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ትንሽ ይዞት ቆየ።

በረዶው እንደቀለጠ ዕቃውን ተሸክሞ ተሻገረ። መጀመሪያ አሸንዳውን አቃና። ከዚያ የበረንዳውን የበሰበሱ ሳንቃዎች ነቀለ፣ የወጥ ቤቱን ግድግዳ ፋቀ፣ ቀባ። ምሳውን የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ነው የሚበላው። እጁ እንደድሮው ይታዘዘዋል፤ ጉልበቱ ብቻ ትንሽ ያስቸግረዋል። ሲሠራ ለብቻው ያወራል፤ ለሳንቃው፣ ለሚስማሩ፣ አንዳንዴም ለጆ። ሥራው ባያልቅ ደስ ባለው፤ ግን አለቀ።

ኧርቪን አንድ ቅዳሜ ሊያይ መጣ። ከክፍል ክፍል ዞረ፣ የቁም ሳጥኑን በር ከፈተ፣ ዘጋ።

«አምሮበታል» አለ። «ለማን ልታከራየው ነው?»

«እስካሁን የጠየቀኝ የለም።»

«ድመቶቹስ?»

«እነሱም ኦማሃ ሄደዋል።»

ኧርቪን ሳቀ፤ ከዚያ ደግሞ መሳቁን ተወና የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ስለ ዘር ዋጋ ትንሽ አወሩ። የልጅ ልጁ ኳስ ስለሚጫወት መሄድ ነበረበት። «ሰኞ ቡና እንጠጣለን» ብሎ የዴልበርትን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ወጣ። መኪናው ርቆ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ዴልበርት ወለሉ መሐል ቆመ። ቀለሙ ደርቋል፣ መሣሪያዎቹም ሳጥን ውስጥ ገብተዋል። ዙሪያውን ቢያይ የሚስተካከል ነገር አጣ። ትንሽ ቆይቶ ሳጥኑን ከፈተ፣ መፍቻውን አወጣ፣ ወደ መኝታ ክፍሉ በር ሄዶ በደንብ የሚከፈተውንና በደንብ የሚዘጋውን በር ከማጠፊያው ላይ መፍታት ጀመረ።